«ባትሪው አይደለም» ያሉት እትዬ ሀረገወይን

የእትዬ ሀረገወይን አንድ ተራ ቀን የሚለካው በቤታቸው ባትሪ ነው። ማታ የሚያበሯቸው ሁለት ትናንሽ መብራቶች ጥቂት ይወስዳሉ። ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ሰሃን ሲያጥቡና ሲለቃለቁ ብቻ ስለሚሠራ ከቁጥር አይገባም። ሬዲዮው ትንሽ ይበላል። ስልካቸው እንደ ቀኑ ነው፤ ልጃቸው ሚናስ ከደወለ ክርክሩ ስለሚረዝም ሁለት ጊዜ ቻርጅ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን የማሞቂያው ማራገቢያ በአንድ የብርድ ሌሊት ብቻውን የሚበላውን አያህልም። በዚያ ላይ ባትሪው ከያዘው መጠቀም የሚቻለው ግማሹን ብቻ ነው፤ ከግማሽ በታች ከወረደ ይጎዳል። የሚኖሩበት ግቢ ባለቤት ደግ ሽማግሌ ጀርመን ናቸው፤ አንድ ቀን እያለፈ ከጎተራው ሶኬት ገመድ ስበው እንዲሞሉ ይፈቅዱላቸዋል። ስለዚህ እትዬ ሀረገወይን እያንዳንዷን አምፖል እያሰቡ ነው የሚያበሩት። «ሌላው ሰው ምሳውን ያሰላል፣ እኔ መብራቴን አሰላለሁ፤ ምን አለበት?» ይላሉ።

ቤታቸው ቮንሞቢል ነው። መኪናም ቤትም የሆነ፣ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ አልጋ፣ ምድጃ፣ ጠረጴዛና የልብስ ሳጥን ያለው ትልቅ ነጭ ተሽከርካሪ። የቆመው ፍራንክፈርት ዳር፣ ጻይልስሃይም፣ ከድሮው መንደር ሰፋፊ ግቢዎች በአንዱ ውስጥ ነው። እኔና ባለቤቴ ሁሴን ከልጃችን ከሳፋ ጋር የምንኖረው እዚያው ፎቁ ላይ ስለሆነ ከኩሽናዬ መስኮት ጣሪያቸው ይታየኛል።

እትዬ ሀረገወይን ጀርመን የገቡት በደርግ ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሠርተው ጡረታ ወጡ። የሚኖሩት ኖርድኤንድ የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሕንፃው ተሸጠ፤ አዲሱ ባለቤት ሊያድሰው ስለፈለገ ካሳ ከፍሎ አስለቀቃቸው። ኤርፖርት ጭነት ክፍል የሚሠራው አንድ ልጃቸው ሚናስ ለእናቱ ቦታ አዘጋጀ፤ የልጆቹ ክፍል ውስጥ፣ ተደራራቢው አልጋ ታችኛው ላይ። አዩት፣ አመሰገኑት፣ ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ በካሳው ቮንሞቢሉን ገዝተው፣ ራሳቸው እየነዱ መጥተው የልጃቸው በር ላይ አቆሙት።

«እማዬ፣ ሰው ጡረታ ሲወጣ ቤቱ ይቀመጣል እንጂ መኪና ውስጥ አይገባም» አለ ሚናስ።

«እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረግሁታ።»

«ሰውስ ምን ይላል? ሚናስ እናቱን ሜዳ ላይ ጣላት አይልም?»

«ሜዳው ጻይልስሃይም ነው በላቸው። አውቶቡስ አለው።»

በጋው በሰላም አለፈ። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ወንድማቸው አቶ ተክለ ማርያም ከጣልያን፣ ከቦሎኛ፣ አዲሱን ቤት ሊመርቁ መጡ። በባዶ እጅ አልመጡም፤ ሁለት ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር በመኪናቸው ጭነው ነበር። ምድጃውም ማሞቂያውም የሚነደው በጋዝ ስለሆነ ለዚህ ቤት ከዚህ የተሻለ ስጦታ አልነበረም። ማገናኛውን ራሳቸው ገጠሙላቸውና ሄዱ። መኪናውን የሸጠው ሰው ትቶት የሄደው ግራጫ ሲሊንደር እንደ ሞላ ከጎን ቀረ።

በፈረንጆቹ 2012 የካቲት ላይ ያ ክፉ ብርድ መጣ። ግቢው ውስጥ የተረሳ ባልዲ ውሃ ድንጋይ ሆነ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ነገሩ ያው ነበር። ቤቱ በረዶ፣ ባትሪው ባዶ፣ እትዬ ሀረገወይን ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ብርድ ልብስ ውስጥ።

የሰማ ሁሉ ፍርዱ አንድ ነበር፤ ባትሪው ነው። ባትሪው ሲያልቅ ማራገቢያው ይቆማል፣ ማራገቢያው ሲቆም ቤቱ ይበርዳል። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸውም፣ ሁሴንም፣ እኔም እንደዚያው አልን። ሚናስ አዲስ ባትሪ ገዝቶ ገጠመ። በነጋታው ያው ሆነ።

«ባትሪው አይደለም» ይሉ ነበር እሳቸው። «መጀመሪያ ቤቱ ነው የሚበርደው። ብርዱ ሲቀሰቅሰኝ መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያውም ይጮሃል፤ የሚነፋው ግን ቀዝቃዛ ነው። ባትሪው የሚሞተው ከዚያ በኋላ ነው።»

ልብ ብሎ የሰማቸው የለም። ከእንቅልፉ የባነነ ሰው የቱ እንደ ቀደመ እንዴት ያውቃል ተባለ።

እትዬ ሀረገወይን ቴርሚን፣ ቀጠሮ መሆኑ ነው፣ አስይዘው መኪናውን ጋራዥ ወሰዱት። እዚያም ሞቃት አዳራሽ ውስጥ ሁለት ቀን ቆየ፤ ማሞቂያው አንድም ጊዜ ሳይጠፋ ነደደ። መካኒኩ ቁልፉን ሲመልስላቸው መኪናው ምንም እንደሌለው ነገራቸው። ማሞቂያውን ሲለኩሱ ማብሪያውን ረዘም አድርገው ይጫኑ፣ በዕድሜ ጣት ይደክማል አላቸው።

«ይሄ ጣት ሠላሳ ዓመት እርጥብ አንሶላ ሲያነሳ ነው የኖረው፤ ያንተን ማብሪያ አያቅተውም» ብለውት መጡ። በማግስቱ ማለዳ እንደገና በረደ።

የሚናስ ትዕግሥት አለቀ። አንድ ረቡዕ አቶ ኣስፍሃ የሚባሉ ኤርትራዊ ነጋዴ ይዞ መጣ። በየከተማው ገበያ እየዞሩ ልብስ ስለሚሸጡ ማደሪያ ያለው መኪና ይፈልጋሉ። ግቢው ውስጥ ቆመው ሲነጋገሩ ደረጃው ላይ ሆኜ እሰማ ነበር።

«ወይዘሮ፣ እኔ ብርዱ ግድ አይሰጠኝም» አሉ አቶ ኣስፍሃ፣ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ እያደረጉ። «አጥንቴ ገና ወጣት ነው።»

«አጥንትዎ ወጣት ከሆነ ድንኳን ይበቃዎታል።»

ሚናስ አልሳቀም። «እማዬ፣ ደርቀሽ እንዳገኝሽ ነው የምትፈልጊው? ሌሊት ፈረቃ ላይ ሆኜ ሌላ ነገር አላስብም፤ ታውቂያለሽ?»

እትዬ ሀረገወይን ይህን ከአፉ ሰምተውት የሚያውቁ አልመሰለኝም። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩት።

«እስከ ቅዳሜ ጠዋት ካልሞቀ ቁልፉ ያንተ ነው። ሽጠው፤ ታችኛው አልጋ ላይ እመጣለሁ። ከሞቀ ግን መሸጥ የሚባል ነገር ሁለተኛ አታነሳብኝም።»

«እሺ።»

«አቶ ኣስፍሃ ምስክር ናቸው።»

«ምስክር ከምሆን ገዢ ብሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ ሰውየው።

ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዴ በፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ይዤ፣ ሳፋን አዝዬ ወረድኩ። ሳፋ ታለቅሳለች፤ የጡጦዋ ወተት ቀዝቅዞባት ነበር። እትዬ ሀረገወይን «አምጪው ላሙቅላት» ብለው ምድጃውን በክብሪት ለኮሱ። እሳቱ ጭላንጭል ብቻ ነበር፤ እያየነው ይባስ ሟሸሸ።

«ይሄ ደግሞ ምን ነካው?» አልኩ።

ጎንበስ ብለው አዩት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«የሳፋ እናት፣ ይሄ ምድጃ ሽቦ አለው?»

«የለውም። አሁን በክብሪት ለኮሱት አይደል?»

«ስለዚህ ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም።»

«አያውቅም።»

«ታዲያ እሱን ማን አደከመው?»

ጋዙ አልቆ ይሆናል ብለን ወጣን። የጋዙ ሳጥን ከመኪናው ጎን ነው፤ አየር እንዲገባው ቀዳዳ ስላለው ውስጡ ከውጭው እኩል ይበርዳል። ሲሊንደሩን ወዘወዙት። ከባድ ነው፤ ፈሳሹ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ጋዝ አለ፣ ግን አይወጣም። እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው ወዲያው አነሱት።

«እኔን ብቻ መስሎኝ፤ እሱም በርዶታል።»

የፔርሙዙን ውሃ ከቀዝቃዛ ጋር ቀላቅለው፣ እጅ የሚችለው ለብ ያለ ሲሆን ሲሊንደሩ ላይ ቀስ እያሉ አፈሰሱት። እኔን እሳቱን እንድጠብቅ ወደ ውስጥ መለሱኝ። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ድስት የሚያፈላ ሰማያዊ እሳት ሆኖ ተነሳ።

«እትዬ፣ ተነሳ» አልኩ።

«ቆይ፣ ተመልሶ ይተኛል» አሉ ከውጭ። እውነትም ውሃው ሲቀዘቅዝ እሳቱም ዝቅ አለ።

ጋዝ ለሚሸጥ ሰው ደወልን። የሲሊንደሩን መልክና የመጣበትን አገር ጠየቀንና አስረዳን። ጋዙ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቡታን ይባላል፤ ለበጋ ደህና ነው፣ ውሃ በሚረጋበት ብርድ ግን ፈሳሽ እንደሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ ይቀራል። ሌላው ፕሮፓን ነው፤ የጀርመን ብርድ አይበግረውም። ከደቡብ በበጋ ተሞልቶ የመጣ ከሆነ አብዛኛው ቡታን ሳይሆን አይቀርም አለን። ግራጫው ላይ የተጻፈውን አነበብኩለት። ፕሮፓን ይላል።

እዚህ ላይ ነገሩ ተፈታ። ሌሊት ብርዱ ሲጠና ጋዙ ይተኛል፣ እሳቱ ይጠፋል። ማራገቢያው ይህን አያውቅም፤ ቤቱ በቀዘቀዘ ቁጥር ይበልጥ እየሮጠ ብርድ ሲነፋ ያድርና ባትሪውን ይጨርሰዋል። ጋራዥ ውስጥ ሲሊንደሩም አብሮ ሞቆት ስለነበር ምንም አልታየም። እትዬ ሀረገወይን ከመጀመሪያው የተናገሩት ልክ ነበር። መጀመሪያ የበረደው ቤቱ ነው።

«ሙሉ ግራጫ ሲሊንደር አጠገብዎ ቆሞ ለምን አልከፈቱትም?» አልኳቸው።

«ወንድሜ ከቦሎኛ ጭኖ ያመጣልኝን አስቀምጬ፣ የማላውቀው ጀርመን ረስቶት የሄደውን ልክፈት?»

ምን እላለሁ? እኔም አልከፍተውም ነበር።

ሲሊንደሩን ለወጥን። የጋዝ ብሎን እንደ ሌላው አይደለም፣ የሚዞረው በተቃራኒው ነው፤ ይህን እስክናውቅ ትንሽ ታገልን። ከገጠምን በኋላ የሳሙና አረፋ ቀባንበት፤ ጋዝ የሚያፈስ ቢሆን አረፋው ይነፋ ነበር። አልተነፋም። የዚያን ዕለት ባትሪውን ከጎተራው ሶኬት ሞላነው። ዓርብ ጠዋት ስወርድ ፔርሙዙን ተቀብለው «ለራስሽ ሻይ አፍይበት» ብለው መለሱልኝ።

ቅዳሜ ብርዱ ከሁሉም የባሰ ነበር። ሚናስ ከሌሊት ፈረቃው በቀጥታ፣ አቶ ኣስፍሃ ደግሞ ኮፍያና ስካርፍ ተጠቅልለው መጡ። እትዬ ሀረገወይን እጅጌ አጭር ቀሚስ ለብሰው በሩን ከፈቱ። አቶ ኣስፍሃ ገቡና ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ቀጥሎ ስካርፋቸውን፤ ቀጥሎ ካፖርታቸውን።

«ሓቂ ነው፣ ሞቋል» አሉ። «እንዲህ ከሆነማ ዋጋው ላይ እጨምራለሁ።»

«ሲበርድ ሊገዙኝ፣ ሲሞቅ ሊጨምሩልኝ። ካፖርትዎን ይልበሱ፣ ቤቴ ለገበያ አልቀረበም።»

ሚናስ የባትሪውን መቆጣጠሪያ ተመለከተ። ከግማሽ በላይ ነበረው። ሊሆን አይችልም አለ በጀርመንኛ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ። መጀመሪያ ቤቱ ይበርዳል፣ ባትሪው ኋላ ይሞታል አልኩህ። አንተ ገልብጠህ ሰማኸኝ።»

ሚናስ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ፤ እናቱና አቶ ኣስፍሃ ደጅ ላይ ሲሸኛኙ እሱን ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ወሰደው። እትዬ ሀረገወይን ጫማውን አወለቁለትና በሩን ቀስ ብለው ዘጉ። ለወንድማቸው የሆነውን አልነገሩም፤ ጋዝህ ግሩም ነው፣ ለበጋ እያቆየሁት ነው አሏቸው።

ይህን ልጽፍ እንደሆነ ስነግራቸው ፎቶግራፋቸውን እንዳላወጣ ከለከሉኝ። «ይልቅ ይቺን ጻፊልኝ» አሉ። የግቢው ሽማግሌ ልጅ ጎተራውን መኖሪያ ሊያደርገው ስለሆነ ቮንሞቢሉ ከግቢው መነሳት አለበት። ሚናስ ቃሉን ጠብቋል፣ ስለ መሸጥ አያነሳም፤ ስለ ታችኛው አልጋ ግን ማንሳት ጀምሯል። ያሉኝን እንዳለ አስፍሬዋለሁ።

«ፍራንክፈርትም ሆነ አካባቢዋ ግቢ ወይም ሰፋ ያለ የአትክልት ቦታ ያላችሁ፣ መኪናዬን የማቆምበት አንድ ጥግና አልፎ አልፎ ገመድ የምሰካበት አንድ ሶኬት ስጡኝ። ኪራይ እከፍላለሁ፤ ሰው አላስቸግርም። እኛ ጋ ባዶ ክፍል አለ የምትሉ ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ፤ እናንተ ግን አትደውሉ፣ ቦታ ያለው ሰው ሲደውል ስልኬ እንዳይያዝበት።»