የጋሽ ለማ ጤና አዳም

ዶሮ ማነቂያ፣ እኛ ግቢ፣ ጋሽ ለማ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ዓይናቸውን ታክመው ልጃቸው ቤት ሊያገግሙ ሲሄዱ፣ በቀለም ቆርቆሮ የተተከለውን ጤና አዳም አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ ሟች ባለቤቴ የተከለችው ነው። ካንቺ በቀር የማምነው የለኝም፤ አደራ» አሉኝ።

በየማለዳው አጠጣሁት። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን የጠማው መስሎኝ ጨመርኩለት። ባሰበት። የሟች አደራ በእጄ ሊጠፋ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ልጄን መስኮቱ ሥር እያጠባሁ ነበር። ግቢው ጉም ለብሷል። ሕልም ይሁን እውን ሳይለይልኝ፣ ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ካደረጉበት ማንቆርቆሪያ የተረፈውን ቆርቆሮው ላይ አፍስሰው፣ ኮቴያቸውን አጥፍተው ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ሌላዋ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ ጣሳ ሙሉ ውሃ ደፉበት።

ወጣሁ። «እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ውይ፣ አስደነገጥሽኝ! ጋሽ ለማ ካንቺ በቀር የማምነው የለኝም ብለውኝ እኮ ነው!»

ገና እየተያየን ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሽ ለማ! ሊመለሱ ሳምንት ይቀራቸው ነበር። ቆርቆሮውን ዘንበል ሲያደርጉት ውሃው ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።

«ይቅር ይበሉን ጋሼ፤ አዝነንለት ነው» አልኩ።

ጫፉን ቆንጠር አድርገው አሸተቱት። «አልሞተም። ውሃ ብቻ አታሳዩት» አሉና ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «እኔንም ልጄ አዝናልኝ በሾርባ ልታሰጥመኝ ስትል ነው ጠፍቼ የመጣሁት። ከደወለች አላየናቸውም በሏት።»