አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዘገየ ፍቺ

ሰገነት ፈት መሆኗን ሐረር ፈላና በር አካባቢ የማያውቅ ሰው የለም። የቤት ደላላው ሳይቀር ያውቃል። ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ በርበሬ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ መሸጥ የጀመረችው ባሏን ፈትታ ከገጠር በተመለሰች ሰሞን ነው፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ዋጋ ማስቀነስ ያቃታቸው ደንበኞች «አንቺ ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ለማን ብለሽ ነው እንዲህ የምታስወድጂው?» ይሏታል። እሷ መች ትሸነፋለች! «ለራሴ ነዋ! እኔ አልበላም እንዴ?» ብላ በርበሬውን በራሷ ዋጋ መዝና ትሰጣለች። ደንበኛው ሲሄድ ግን ንጹሑን ሚዛን ደጋግማ ትወለውላለች።

እንግዲህ መላው መጋላ የሚያውቀውን ነገር የማያውቅ አንድ መሥሪያ ቤት ተገኘ።

ነገሩ የመጣው ከኪዳነወልድ ጋር ነው። ኪዳነወልድ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹን ድሮ ድሮ የዳረ አናጺ ነው። የመደቧን እግር ሊጠግንላት መጥቶ ሦስት ቀን ፈጀ። የመደብ እግር ሦስት ቀን እንደማይፈጅ ሰገነት መች ጠፋት፤ ግን በሦስተኛው ቀን ምሳ ይዛለት መጣች። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተው ጨርሱት። በአርባ ሰባት ዓመቷ ልትዳር ሆነ። ጥምቀት አልፏል፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ አራት ሳምንት ቀርቶታል። ጾሙ ከገባ ሠርግ ብሎ ነገር የለም፤ ፋሲካን መጠበቅ ነው። ሰገነት ደግሞ መጠበቅ በቅቷታል።

ጋብቻቸውን ሊያስመዘግቡ አዲሱ ከተማ ወዳለው የወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄዱ። መዝጋቢዋ ልጅ የሰገነትን መታወቂያ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣

«እናቴ፣ እዚህ ላይ ያገባች ነው የሚለው» አለቻት።

እናቴ መባሉ ራሱን የቻለ ንዴት ነው። «እሱ የድሮ ነው፤ ተፋትቻለሁ።»

«የፍቺ ማስረጃ ይዘዋል?»

«መላው ጊደር መጋላ ማስረጃዬ ነው! ወጥተሽ ጠይቂ!»

«መጋላው ማኅተም የለውማ» አለች ልጅቷ ፈገግ ብላ። «ውሳኔውን የሰጠው ፍርድ ቤት ግልባጩን አትሞ ይስጥዎት። እሱን ይዘው ይምጡ፣ በዚያው ቀን እንጨርሳለን።»

ኪዳነወልድ «አብረን ሄደን እንፈልገዋለን» ቢላት፣ «የእኔ ፍቺ ነው፣ አንተ ምን አገባህ?» ብላ ብቻዋን በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረች። ከጫት ጆንያ ጋር እየተጋፋች አንድ ሰዓት ተጉዛ፣ በልጅነቷ የመምህር ሚስት ሆና ወደኖረችበት የገጠር ወረዳ ገባች።

የወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መዝገብ ነው። ዘከሪያ የሚባለው ጸሐፊ በኦሮምኛ ሰላም አላት፣ እሷም በኦሮምኛ መለሰች፤ ከዚያ ወሬው በሁለቱም ቋንቋ ሆነ።

«የመዝገብ ቁጥር?»

«የለኝም።»

«ዓመቱስ?»

«ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል።»

ዘከሪያ ሳቀ፤ ግን ደግ ልጅ ነው፣ የዘጠና ስምንትን፣ የዘጠና ዘጠኝንና የሁለት ሺህን መዝገቦች አቧራቸውን እያራገፈ አወረደላት። በእሷ ስም ፈለጉ፣ በቀድሞ ባሏ በአማኑኤል ስም ፈለጉ። ወይ ጉድ! የወረዳው ትዳር ሁሉ እዚያ ተዘርግቶ የለ! የጎረቤቷን የፋጡማን ፍቺ ሁለት ጊዜ አገኙት፤ ሁለቱም ጊዜ ከዚያው ከአንዱ ባሏ ነው። የሰገነት ግን የለም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዘከሪያ አንድ ነገር ገባውና ቀና አለ።

«ለመሆኑ ዳኛ ፊት ቀርባችሁ ነበር?»

«የምን ዳኛ? ያፋቱን ሽማግሌዎች ናቸው። ተፈራረምን፣ ወረቀቱን ሐጂ ሙሜ ፍርድ ቤት አስገብቼ አጸድቀዋለሁ ብለው ያዙት።»

ዘከሪያ መዝገቡን ዘጋው። «ሐጂ ሙሜ? ሐጂ ሙሜ የእርቅ ወረቀት ይዘው ሲመጡ ነው የምናውቃቸው። የፍቺ ወረቀት አምጥተው አያውቁም። ሽማግሌ ያፋታውን ደግሞ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ፍቺ አይባልም።»

«ታዲያ እኔ አሁን ምንድን ነኝ?»

«ባለትዳር ነዎታ» አላት፣ አፍሮ ወደ መዝገቦቹ እያየ።

ሰገነት ከዚያ እስከ ሐጂ ሙሜ ግቢ ድረስ በእግሯ ስትሄድ የምትላቸውን ሁሉ አሰናዳች። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አሰናዳች። ሐጂ ሙሜ ሰማንያን አልፈዋል፤ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ገና «ሰላም ዋሉ?» ስትል በድምጿ ለዩአትና «ሱብሃነላህ! የመምህሩ ሚስት!» ብለው ሁለቱንም እጇን ያዟት። ያሰናዳችው ነገር ግማሹ እዚያው ጠፋ።

«ሐጂ፣ ያ ወረቀታችን የት ደረሰ?»

«የት ይደርሳል፤ አለ።» ተነሥተው ገቡና ከቆርቆሮ ሣጥናቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለውን ወረቀት ይዘው ወጡ። «ወላሂ አንድ ቀን እንኳ አልጠፋብኝም።»

«ለምን አላስገቡትም ታዲያ?»

«ልጄ፣ እኔ አርባ ቤት አስታርቄያለሁ። በእጄ የፈረሰ ቤት የለም፣ አልሐምዱሊላህ። እናንተ ደግሞ ገና ወጣት ነበራችሁ፣ ተናዳችሁ ነበር። ሦስት ወር ልያዘው፣ ቁጣቸው ይብረድ አልኩ። ሦስት ወሩ ዓመት ሆነ። አንቺ ያኔውኑ ሐረር ገብተሻል፣ መምህሩም ተዛወረ። እኔ ግን በየሶላቴ ዱዓ ሳላደርግላችሁ ውዬ አላውቅም።»

«ሐጂ፣ እኔ እኮ ልዳር ነው!»

«ማሻአላህ!» ፊታቸው በራ። «ከመምህሩ ጋር?»

ምን ይዋጣት! ሰገነት ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ፣ ጎኗን እስኪወጋት ሳቀች፤ ሽማግሌውም ምን እንደሚያስቅ ባይገባቸውም አብረው ሳቁ። ወረቀቷን ተቀብላ፣ ተመርቃ ወጣች።

ሚኒባሱ ውስጥ ነው ወረቀቱን ያነበበችው። የዚያን ጊዜ እያለቀሰች ስለፈረመች አንብባው አታውቅም። እንዲህ ይላል፦ «ሚስት ልጅ መውለድ ባለመቻሏ ምክንያት ባል ትዳሩ እንዲፈርስ ስለጠየቀ...» ከዚያ በታች አልጋው ለማን፣ ሬዲዮው ለማን እንደደረሰ ይዘረዝራል። ሰገነት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሲነገራት የኖረው ነገር ነው፤ ግን ተጽፎ ሲያዩት ሌላ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር እኮ ያኔ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች ሽማግሌ ልከውባት «የሰው ወግ አላስቀርም» ብላ የመለሰቻቸው በዚች አንዲት መስመር የተነሣ ነው። ኪዳነወልድን እሺ ያለችው ልጆቹን ወልዶ የጨረሰ ሰው በመሆኑ ነው።

አማኑኤል ድሬዳዋ እንደሚያስተምር ታውቃለች። ቁጥሩን ከእህቱ ተቀብላ ደወለች።

«አማኑኤል? ሰገነት ነኝ።»

«የትኛዋ ሰገነት?»

«ስንት ሰገነት አግብተሃል?»

«ቆይ፣ ከክፍል ልውጣ» አላት። ነገሩን ስትነግረው ደግሞ «እኔና አንቺ? እስካሁን?» እያለ አራት ጊዜ ጠየቃት። ክፉ ሰው አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን መጣ። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ መነጽር አድርጓል። ሐረር ከተማ ላለው ፍርድ ቤት በስምምነት ለመፋታት አመለከቱ፤ የሽማግሌዎቹንም ወረቀት አያያዙ። ቀጠሮ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ሄደ።

ዳኛዋ በእነሱ አይን ልጅ ናት። ቢሮዋ ውስጥ ፊት ለፊቷ አስቀምጣቸው፣

«ሕጉ ሐሳባችሁን እንድትለውጡ እንድመክራችሁ ያዘኛል» አለች። «እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜም ልሰጣችሁ እችላለሁ።»

ሦስት ወር! ጾሙም ፋሲካውም ዳግማይ ትንሣኤውም ያልፋል! ሰገነት ከወንበሯ ብድግ አለች። «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ አስበንበታል!»

ዳኛዋ ሳቋን ለመዋጥ ወረቀቶቹን አገላበጠች። «እሺ፣ ይቀመጡ። በስምምነት ስለሆነ ምክንያት መናገር አትገደዱም። የሽማግሌዎቹ ወረቀት ግን ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል።» ከዚያ ወረቀቱን እንደ ደንቡ ድምፅዋን አሰምታ አነበበችው። ያቺን መስመርም አነበበቻት።

ሰገነት ጫማዋን እያየች ነበር። አማኑኤል ተነሣ።

«ልክ አይደለም» አለ።

«ምኑ?» አለች ዳኛዋ።

«እሷ ምንም ጉድለት የለባትም። ከእሷ በኋላ ከሌላ ሴት ጋር ሳንፈራረም ሰባት ዓመት ኖርኩ፤ እዚያም ልጅ የለም። ሐኪም ቤት ሄድን። ችግሩ የእኔ ነው። ሁለት ቦታ ተመርምሬ ሁለቱም ያንኑ ነው ያሉኝ።»

ሰገነት ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

«አሥር ዓመት ይሆነዋል።»

«አሥር ዓመት! አሥር ዓመት ሙሉ ስልክ የሚባል ነገር ድሬዳዋ አልገባም ነበር?»

«አፈርኩ፣ ሰገነት።»

«አንተ አፈርክ! እኔስ? እኔ እኮ በየመንገዱ፣ በየልቅሶው፣ በየክርስትናው ሳፍር ነው የኖርኩት! በሰው ልጅ ፊት ሳፍር!» አለችና አለቀሰች። እንዲህ አድርጋ ያለቀሰችው እናቷ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው። አማኑኤል እንደቆመ በሹክሹክታ ይቅርታ ጠየቃት። ዳኛዋ አላቋረጠቻቸውም። ለቅሶው ሲበርድ ውሃ ሰጠቻትና በለስላሳ ድምፅ ጠየቀቻት፣

«ይህን የተናገሩትን እንተወው ወይስ ይጻፍ? የእርስዎ ፈቃድ ነው።»

«ይጻፍ» አለች ሰገነት። «እሱ እንዳለው፣ አንድም ሳይቀር ይጻፍ።»

አማኑኤልም «ይጻፍ» አለ፤ ፈረመም።

ውሳኔው በሦስተኛው ቀን ወጣ። ጾሙ ሊገባ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ማኅተሙን ቀለም እያስነካ፣

«ስንት ግልባጭ ይሁንልዎ?» አላት።

«ሁለት።»

«ለወሳኝ ኩነት እኮ አንድ ይበቃል።»

«እሱ የእነሱ ነው። ሁለተኛው የእኔ ነው።»

«ለምን ጉዳይ ልበል?»

«ላነበው ነው።»

ጸሐፊው አየት አደረጋትና ሁለቱንም አትሞ ሰጣት። ሰገነት በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስሄደች አነበበች፦ «ባል፣ ልጅ ያልተወለደው በእርሱ ምክንያት እንጂ በሚስት ጉድለት እንዳልሆነ በችሎት ፊት በራሱ አንደበት አረጋግጧል።» ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ተነሥታ ልትዳር ሄደች።