አቶ ጠፋ ያላደሰው ራውተር

በዚያ ሕንጻ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት እናቱና እህቱ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሁሉ «አቶ ጠፋ» ነው። የሕንጻውን ዋይፋይ የዘረጋው እሱ፣ ሽቦውን በደረጃው ጥግ ጥግ የጎተተው እሱ፣ በየፎቁ ጣሪያ ሥር ራውተር የሰቀለው እሱ። ግን ሰው መልካም ሥራ ቆጥሮ ቅጽል ስም አያወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተርም እንደ ሰው በሆዱ የያዘው ነገር አለ። ፈርምዌር ይሉታል፤ አምራቹ አብሮ የሚከተው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ላይ ቀዳዳ ሲገኝ አምራቹ መድፈኛ ይልካል፤ መድፈኛው የሚሠራው ደግሞ ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ነው። እናም አቶ ጠፋ መድፈኛ በመጣ ቁጥር መሰላሉን ተሸክሞ ከፎቅ ፎቅ ይዞራል፤ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል፤ ደረጃው በ«ጠፋ! ጠፋ!» ጩኸትና በእርግማን ይሞላል።

«አቶ ጠፋ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቀብር መጣህ?» ትለዋለች የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ፣ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ። «ደንበኛዬ በኢንተርኔት ደውላ የቀሚሷን ልክ እየነገረችኝ አፏን ዘጋህባት።»

«ሌባ እንዳይገባብሽ ብዬ ነው።»

«እኔ ቤት ምን አለና? ይግባ፣ አብረን እንፈልጋለን።»

ይስቃል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ግን የሰው ቁጣ አይችልም። አባቱ ጮክ ብለው ሲያስነጥሱ ይቅርታ የሚጠይቅ ልጅ ነበር ይባላል።

እናቱ ወድቀው አልጋ ላይ ቀርተዋል። ሁለተኛ ፎቅ ከትልቅ እህቱ ጋር ነው የሚኖሩት። እህቲቱ ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ ካልሠራች አይበላም። ስለዚህ ከሥራ ሆና በስልኳ እንድታያቸው ብሎ እናቱ ክፍል ግድግዳ ላይ ካሜራ ሰቀለ።

«ይሄ ዓይን እሷን ካሳየ ሌላውንም ያሳያል» አሉ እናትየው።

«ከእታለም በቀር ማንም አያይሽም፣ እማ። እኔ እያለሁ?»

«ስታጠብስ?»

«እኔ እያለሁ አልኩሽ እኮ።»

ቃሉን አመኑት። ካሜራውን ለመታጠቢያ ሰዓት እንኳ ማጥፋት ተዉ።

ከዚያ ከአምራቹ ማስጠንቀቂያ መጣ። የሚያውቅበት ሰው የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ በራውተሩ ገብቶ በውስጡ የተገናኘውን ሁሉ ማየት ይችላል፤ ቶሎ ድፈኑት ይላል። አቶ ጠፋ አነበበው፤ ገባውም። ግን የፈተና ሰሞን ነበር። የሕንጻው ልጆች በኢንተርኔት ያጠናሉ፤ እናቶቻቸው «በዚህ ሰሞን ብትነካው!» ብለው ዝተውበታል። ፈተናው ይለፍ አለ። ፈተናው ሲያልፍ ሌላ ጉድ ጠበቀው፤ ሰው ወዶታል። ደረጃ ላይ ሰላም የሚለው በዛ። ልብስ ሰፊዋ «አሁን ገና ሰው ሆንክ» ብላ ሸሚዝ ሰፋችለት። ያን ሸሚዝ ለብሶ መሰላል መሸከም እንዴት ይሁንለት? ዛሬ ነገ ሲል ወራት አለፉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወሬው ከታች ከጥበቃው ተነሥቶ እስከ ላይኛው ፎቅ ሲደርስ መጨረሻ የሰማው እሱ ነው። አንድ ጠዋት ሰላም ያለው ሁሉ ዓይኑን ሰበረበት። ልብስ ሰፊዋ እጁን ይዛ ወደ ቤቷ አስገባችውና በሩን ዘጋች።

«ወንድሜ፣ ይሄን ከማሳይህ መርፌው ዓይኔን ቢወጋኝ ይሻለኝ ነበር» ብላ ስልኳን ዘረጋችለት።

የአሮጊት ገላ፣ ሳፋ፣ የእህቱ እጅ። ከቪዲዮው ሥር የማያውቃቸው ሰዎች እየሳቁ ጽፈዋል። ከየት እንደተቀረጸ ለማወቅ አልተቸገረም፤ የካሜራውን ብሎን ያጠበቀው እሱ ነው።

«ማን ላከልሽ?»

«ማን ያልላከልኝ አለ?»

እህቱ በሩን ከፈተችለት፤ ከደፉ ላይ ግን አልተነሣችም። ዳቦ ቤት አንዱ ጋጋሪ ለሌላው ሲያሳይ በትከሻው በኩል አይታዋለች። መጀመሪያ የለየችው የእናቷን ክፍል መጋረጃ ነበር።

«ቀዳዳ እንዳለው ታውቅ ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። «አውቅ ነበር» አለ።

«ታዲያ ምን ስትጠብቅ ነው?»

«ሰው ይጮህብኛል ብዬ።»

«ሰው ይጮህብኛል ብለህ» አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በማግስቱ የሁሉንም ፎቅ ራውተር በጠራራ ፀሐይ አጥፍቶ ደፈነ፤ አምራቹ መድፈኛ መላክ ያቆመላቸውን አሮጌዎቹን ነቅሎ ጣለ። ኢንተርኔቱ ቀኑን ሙሉ ሲቋረጥ ዋለ፤ ከበሩ ብቅ ያለ ሰው አልነበረም። የተደፈነ ቀዳዳ ግን የወጣውን አይመልስም። ቪዲዮው ዛሬም ከስልክ ስልክ ይዞራል።

እህቱ የዳቦ ቤቱን ሥራ ተወች። ለእናትየው የነገራቸው የለም። «ልታያት ከፈለግህ ግባ፤ ግን አንተው በአፍህ ትነግራታለህ» አለችው። በየጊዜው ይመጣል፤ ብርቱካን ያቀብላል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ይመለሳል።

አንድ ቀን እንደዚያው ደፉ ላይ ቆሞ ሳለ እናቱ ከውስጥ ተጣሩ።

«ማነው?»

እህቱ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀችው።

«አንድ ዋይፋይ የሚሠራ ሰውዬ ነው፣ እማ» አለች።

«ታዲያ ምነው በር ላይ አቆምሽው? ይግባ እንጂ። ልጄን ያውቀው እንደሆነም ጠይቂልኝ፤ ድምፁን ከሰማሁ ሰነበትኩ።»

ብርቱካኑን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ኮቴው እንዳይሰማ እየተጠነቀቀ ደረጃውን ወረደ።