የአበባየሁ ቆለኛ እንሽላሊት

አበባየሁ ደባርቅ ገበያ ዳር ፍራሽ የምታድስ፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ነበረች። ያረጀ ፍራሽ ቀድዳ፣ ጥጡን ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ በዱላ ደብድባ ታፍታታና መልሳ ትሰፋዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። የሚያውቋት ሁሉ ንዴቷን ይፈሩ ነበር። ጮሃ ብትሳደብ በተሻለ፤ እሷ ግን ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ይላል፣ ቃሏም ያጥራል።

በ1998 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከቆላ የመጣ የጥጥ ጆንያ ስትፈታ፣ ከመሀሉ አንድ እንሽላሊት ድርቅ ብሎ አገኘች። የደባርቅ ብርድ አደንዝዞት ነበር። የሞተ መስሏት ኋላ ልትጥለው በራፍ ላይ ካለ ድንጋይ አኖረችው። ፀሐዩ ሲበረታ ዓይኑን ገለጠ። ጎረቤቶቿ ቀጥቅጪው አሏት፤ አልሰማቻቸውም። ዳባት የሚኖረው አናጢ ወንድሟ አሻግሬ ሊጠይቃት ሲመጣ፣ እየሳቀም ቢሆን፣ ፊቱ በወንፊት ሽቦ የተወጠረ ሳጥን ሠራላት። እንሽላሊቱንም ቆለኛው አለችው።

መጀመሪያ ያጎረሰችው የእንጀራ ፍርፋሪ ነበር። ወተት አቀረበችለት፤ አልነካም። ጥሬ ሥጋ ቆርጣ ሰጠችው፤ አንድ ቀን በላና ሆዱ ተነፋ። የጎኑ አጥንት መቆጠር ሲጀምር በቅርጫት ይዛው ከብት ወደሚያክም ሰውዬ ሄደች። ሰውዬው ቅርጫቱን ከፍቶ አየና ባልደረቦቹን ጠራ። አራት ሆነው ሳቁባት። አንደኛው እንባውን እየጠረገ፣ በሚቀጥለው ጊንጥ እንድታመጣ መከራት። አበባየሁ ቅርጫቷን ከድና ወጣች። ያን ዕለት፣ የሳቁባትን ሰዎች ለማሳፈር ብቻ፣ እንሽላሊቱ እንደማይሞት ማለች።

መንገዱን ያሳየቻት ሕሊና ነበረች። ሕሊና አዲስ የተመደበች የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ፍራሽ ልታሠራ መጥታ ሳጥኑን አየችና አልሳቀችም። ይህ ፍጡር የሚበላው የሚንቀሳቀስ ነገር እንደሆነ ነገረቻት፤ ፌንጣ፣ ጥንዚዛ፣ ትል። አበባየሁ አንድ ጣሳ ፉርሽካ ሞልታ ትል ማራባት ጀመረች። ትሎቹን አስቀድማ ጎመን ታበላቸዋለች፤ የተራበ ትል ለሚበላው አይጠቅምም ተብላለችና። የእንቁላል ቅርፊት አድቅቃ በላያቸው ትነሰንሳለች፣ ለአጥንቱ። ጠዋት ጠዋት ሳጥኑን ፀሐይ ላይ ታወጣለች። ፀሐይ ከሌለ ድንጋይ በምድጃ አሙቃ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ታስገባለታለች። በሁለት ወር ውስጥ ጎኑ ሞላ።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ ቆለኛው ደበዘዘ። ቀለሙ አመድ መሰለ፣ ምግብ እምቢ አለ። ከዚያ ጀርባው ላይ ቆዳው ተሰነጠቀ። አበባየሁ ደንግጣ በጥፍሯ ልትልጠው ስትጀምር ሕሊና ደረሰችባት።

«እትዬ አበባየሁ፣ አይንኩት። እየታመመ አይደለም፣ እያደገ ነው። አዲሱ ቆዳ ከሥር ሳይጠነክር አሮጌውን ከላጡት ያቆስሉታል።»

ሆኖም ዝም ብሎ መተውም እንደማይሆን አስረዳቻት። ደረቅ ቆዳ በጣቶቹና በጅራቱ ጫፍ ላይ እንደ ቀለበት ከቀረ ደም ይከለክላል፣ ጣቱም ደርቆ ይወድቃል። ስለዚህ አበባየሁ ለብ ያለ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን፣ ሆዱን ብቻ እስኪነካው፣ እየሞላች ታስቀምጠው ጀመር። ሳጥኑ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ በገል ሥር አኖረችለት። ጣቶቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጥጥ እየዳበሰች በራሱ የለቀቀውን ብቻ ታነሳለች። አሥር ቀን ፈጀ። ሲያልቅ እንሽላሊቱ እንደ አዲስ ሳንቲም አበራ፤ እሷም የዚያን ቀን ፍራሽ ሳትሰፋ ዋለች።

እስከ ጥቅምት ሌላ ሁለት ጊዜ ቆዳ ጣለ። በሁለተኛው መሀል ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

የአሻግሬ ሚስት ዓለምዬ እጇ ላይ ችፌ ወጥቶባት ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ሊጥ መንካት አትችልም። አሻግሬ ሚስቱን ይወዳል፤ ያልሞከረው ጠበል አልነበረም። በመጨረሻ ዳባት ውስጥ ክታብ የሚጽፉ ወልደ ሩፋኤል የሚባሉ ሰው ዘንድ ወሰዳት። እሳቸውም አመድና ሎሚ ጠዋትና ማታ እንድትታሽ አዘዙ፤ በላዩም ቆዳውን በመጣል ላይ ካለ እንሽላሊት፣ ሙቀቱ ሳይለየው የተገፈፈ ቆዳ አምጡ አሉ። ራሱ የጣለው ሬሳ ነው፣ ኃይል የለውም አሉ።

አሻግሬ ቅዳሜ፣ እህቱ ገበያ ላይ ሳለች መጣ። የቤቱና የሳጥኑ ቁልፍ የሚቀመጥበትን ያውቃል። ሳጥኑን የሠራውም እሱ ነው።

አበባየሁ በምሳ ሰዓት ስትመለስ ቆለኛው ጥግ ተወሽቆ ነበር። ጀርባው በስፋት ተገፍፎ ደም አዝሏል። የቀኝ የፊት እግሩ ሁለት ጣቶች የሉም፣ ጅራቱም ተቆርጧል። ጎረቤቷ፣ ወንድምሽ በወረቀት የጠቀለለ ነገር ይዞ እየተጣደፈ ወጣ አለቻት። ጨው ያለበት ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ቁስሉን አጠበች። ጥጡ ሁለቴ ወደቀባት።

በማግስቱ፣ እሑድ፣ ሕሊናን እንስሳው ዘንድ አስቀምጣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ዳባት ወረደች። ወንድሟ በር ላይ ሲያያት ፊቱ ተለወጠ።

«እታለም፣ አውሬ ነው። ዓለምዬ ሰው ናት» አላት ገና ሳትጠይቀው።

«ብትጠይቀኝ ራሱ የጣለውን በጣሳ ሞልቼ እሰጥህ ነበር።»

«የጣለው አይሆንም አሉኝ።»

«ስለዚህ ሰረቅኸኝ።»

ዓለምዬ ከጓዳ ወጣች። አንገቷ ላይ አዲስ ክታብ አለ። እጆቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ቆዳው ከየት እንደመጣ ባሏ እንዳልነገራት፣ ብታውቅ እንደማትቀበለው ተናገረች። አበባየሁ ጨርቁን ፈታች። አመዱና ሎሚው መዳፏን ሰነጣጥቆ ሥጋው ይታይ ነበር። ያን ጊዜ ንዴቷ ከወንድሟ አልፎ ሄደ።

ወልደ ሩፋኤልን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከቅዳሴ ከወጡ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሰው ሁሉ እርስዎ የሚላቸውን ሰው፣ ቆማ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንተ» አለቻቸው።

«አንተ ወልደ ሩፋኤል፣ ከነሕይወቱ ቆዳ ግፈፉ የሚለው በየትኛው መጽሐፍ ነው የተጻፈው?»

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። እሳቸው ሴት ይህን አትጠይቅም አሉ፤ ቀጥለውም ምላሷ እንዳይታሰር እንድትጠነቀቅ ነገሯት።

«እሰረው» አለች። «እዚሁ፣ ሰው እያየ እሰረው። እኔ እጠብቃለሁ።»

እውነትም ቆማ ጠበቀች። እሳቸው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ከዚያ ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ይቅርታ እንድትል ለመኗት፤ አላለችም።

እዚያው ዳባት አድራ፣ ሰኞ ዓለምዬን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ አመዱን በዚያው ቀን አስቆመች፣ ቅባት ሰጠች፣ እጇን ሳትፈትግ በለብታ ውሃ እንድትነክር አዘዘች። ለገና ዓለምዬ ሊጥ አቦካች፤ የቆለኛውም ጀርባ ገጥሞ ነበር።

ግን አሻግሬ፣ ሚስቴን ያዳናት ክታቡ ነው እያለ በየማኅበሩ ማውራት ያዘ። የወልደ ሩፋኤል ደጅ በሰው ተሞላ። አንዲት የጃናሞራ ሴት አበባየሁ ደጅ ድረስ መጥታ፣ ያ የተፈወሱበት እንሽላሊት እዚህ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አበባየሁ በሩን ዘጋችባት፣ በዚያው ሳምንትም የሳጥኑን ቁልፍ በአዲስ ለወጠች።

ለፋሲካ አሻግሬ ሙክት እየጎተተ ለዕርቅ መጣ። ዓለምዬ አብራው ነበረች። አበባየሁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ያዳናት ቅባቱ ነው በል።»

«እታለም፣ ለዕርቅ ነው የመጣሁት። ያን ምን አመጣው?»

«በል።»

አሻግሬ ሚስቱን አየ፣ መሬቱን አየ። ለሰው ሁሉ ያወራውን ማፍረስ አቃተው። ሙክቱን እየጎተተ ተመለሰ።

ዓለምዬ አልተከተለችውም። ከነጠላዋ ሥር አንድ ጠርሙስ አወጣች፤ ውስጡ ፌንጣ ሞልቶ ነበር፣ ያን ጠዋት ከጓሮዋ በገዛ እጇ የያዘችው። ቆለኛው እንደገና ደብዝዞ፣ ገሉ ሥር ተኝቶ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ሳህኑን በለብታ ውሃ ሞሉ። አበባየሁ አሁንም ጥርሷን ነክሳ ነበር፤ ቢሆንም የቀሩትን ጣቶቹን እንዴት እንደምትዳብስ ለዓለምዬ አሳየቻት።