በፓኔሉ ላይ የተጻፈው መፈክር

የፊዚክስ መምህራችንን ተማሪዎቹ «ሶላሯ» ይሏታል። እኔ ከጎኗ ባለው ክፍል ኬሚስትሪ ስለማስተምር ቂሟን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሰው ሲበድላት አትጮህም። ጠመኔዋን አስቀምጣ እጇን ታራግፋለች፤ ከዚያ ወዲያ በዳዩን ፈጣሪ ይጠብቀው።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስታስተምር ወሬ አትወድም። ከአስረኛ ክፍል ልጆች ጋር ዓመቱን ሙሉ ለፍታ በላቦራቶሪው ጣሪያ ላይ ሶላር ፓኔል ሰቀለች። ፓኔሉ ትንሽ የውሃ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል፤ ፓምፑ ልጆቹ የተከሏቸውን ችግኞች ያጠጣል። ደመና ሲመጣ ፓምፑ ሲያቃስት፣ ፀሐይ ስትወጣ ሲፈጥን እየሰሙ ነበር የሚማሩት።

እንግዶች ሊጎበኙን ነው ሲባል ርዕሰ መምህሩ ዓይኑን ጣለበት። ሰልፍ ላይ ቆሞ «እኔ ያቀድኩት ፕሮጀክት» አለ። እሷ የምትመራውን የአካባቢ ጥበቃ ክበብም ከእጇ ነጥቆ ለራሱ ሰው ሰጠ። ልጆቹ ዞረው አዩዋት። እሷ እጇን አራገፈች።

ፓኔሉ እንግዳ እንዲያየው ተብሎ ከጣሪያ ወርዶ በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ቆመ። ሰውየው ይህም አልበቃው ብሎ ታፔላ ጸሐፊ ጠራና በመስታወቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር በወፍራም አረንጓዴ ቀለም «ብሩህ ትውልድ እናፈራለን» አስጻፈበት። እኔና እሷ በመስኮት እናያለን።

«ኧረ ንገሪው፣ በዚያ ቀለም ውስጥ ብርሃን አያልፍም» አልኳት።

«ምን ጥልቅ አደረገህ? ያሳምረው።»

«ችግኞቹስ?»

«በባልዲ እናጠጣቸዋለን። እሱን ግን አልምረውም።»

ልጆቹም አፋቸውን እንዲይዙ ነገረቻቸው።

እንግዶቹ መጡ። ርዕሰ መምህሩ ደረቱን ነፍቶ ማብሪያውን ተጫነ። ፓምፑ ጭጭ አለ። ደጋግሞ ተጫነው። ላቡን እየጠረገ «መምህርት፣ እስቲ ያስረዱልን» አላት።

«ዕቅዱ የእርስዎ ነው፤ እኔ ምን አውቄ» አለችው በትሕትና። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እኔ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በሚቀጥለው ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ «የሶላር ፓኔል ፊት በቀለም ቢሸፈን ምን ይሆናል? ለምን?» የርዕሰ መምህሩ ልጅ እዚያው ክፍል ተማሪ ናት። ልጅቷ እንዲህ ብላ መለሰች፦ «ኃይል አያመነጭም። ፓኔል ፀሐይ እንጂ እንግዳ አይፈልግም። አባቴ ይህን አያውቅም ነበር።»

ሶላሯ ሙሉ ማርክ ሰጥታ «ወላጅ አስፈርመሽ አምጪ» አለቻት።

ወረቀቱ ተፈርሞ መጣ፤ የክበቡም ቁልፍ አብሮት።

«በቃ፣ አሸነፍሽ» አልኳት።

«ገና ነው። ቀለሙን ማን ይፋቀው?»

ቅዳሜ በበሩ ሳልፍ ርዕሰ መምህሩ እጅጌውን ሰብስቦ መስታወቱን ይፍቃል። ልጁ ባልዲውን ይዛለች። ሶላሯ ከጎናቸው ቆማ «እዚያ ጥግ ላይ ቀርቷል» ትላለች።