እትዬ ይቀመጡ መስኮት ስትለካ

«እትዬ ይቀመጡ» የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መጋረጃ ስትሰፋና ስትሰቅል፣ ሰው ቤት ገብታ ሰላምታዋን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ «ይቀመጡ» ትላለች፤ ያውም የቤቱን ባለቤት፣ በገዛ ቤቱ። ሰውየው ግራ ይገባዋል። ተቀመጪ ሊላት አፉን ሲከፍት እሷ ቀድማው ወንበር ስባ መስኮቱ ሥር ታስቀምጠዋለች።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። መጋረጃ ቀን ቀን ወደ ጎን ሰብሰብ ብሎ የሚታሰርበት ማሰሪያ አለ፤ ማሰሪያው የሚያዝበት ደግሞ ግድግዳው ላይ የሚገባ ሜንጦ አለ። ይህ ሜንጦ የቱ ጋ ይግባ? ሥራ ያስተማራት የሱቅ ጌታ ጣጣ አያውቅም፤ «ከታች አንድ ሦስተኛውን ለክተሽ ብሺው» ነበር የሚላት። እሷም ስትበሳ ኖረች። አንድ ቀን ግን ከወንበራቸው መነሳት የማይችሉ ሽማግሌ ቤት እንዲሁ በስታ ልትወጣ ስትል ጠሯት። «ልጄ፣ መጋረጃሽ ያምራል፤ ግን መንገዱን ወሰድሽብኝ» አሏት። ጎንበስ ብላ በሳቸው ዓይን ብታይ እውነትም የሚታየው ጨርቅ ብቻ ነው። ጨርቅ ደህና አድርጎ የሚሸሸው ማሰሪያው ባለበት ቁመት ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ተንዘርፍፎ ይጋርዳል። ያን ዕለት አፍራ ሜንጦውን ነቀለች፣ ቀዳዳውን በጄሶ ደፈነች፣ በሽማግሌው ዓይን ትክክል መልሳ በሳች። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ የሚኖረው ሰው ሳይቀመጥላት ጠመኔ አታነሳም። የሱቁ ሰው ሁሉ ሳቀባት፤ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

ባልና ሚስት ተጣልተውባት ያውቃሉ። ባል ቀውላላ፣ ሚስት ድንክ ቢጤ፤ ሁለቱም «በኔ ዓይን ይሁን» ብለው ድርቅ አሉ። የግራውን በሚስት፣ የቀኙን በባል ልክ አደረገችላቸው። ሳሎኑ አነከሰ፤ ትዳሩ ግን ሰላም አገኘ እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

ለራሷ ግን ወግ ያለው መስኮት አልነበራትም። የተከራየቻት ክፍል መስኮትና የጎረቤት ግድግዳ አፍና አፍንጫ ናቸው። በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርታ ነው የምትሰፋው። እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ሰባት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ነበረች። አንጀቷን አስራ አስተማረችው ቢባል ያንሳታል። አንድ አናጢ ሊያገባት ሁለት ዓመት ደጅ ጠናት፤ «ልጁ ትምህርቱን ይጨርስ» ስትለው ጠበቀ፣ ጠበቀና ሌላ አገባ። እሷም ምን ታድርግ፣ የስፌት መኪናዋን መርገጧን ቀጠለች።

ልጁ ያኔ ከስፌት መኪናዋ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያጠና «እታለም፣ እኔ ቤት ስሠራ አንዱን መስኮት ላንቺ ነው የማደርገው» ይላት ነበር። የልጅ ነገር ብላ ትስቃለች። በኋላ ግን ተምሮ መሐንዲስ ሆነ፣ ሚስት አገባ፣ ቤት ጀመረ። ፕላኑን ፊቷ ዘርግቶ በጣቱ አሳያት፤ ወደ መንገድ የሚያይ፣ ብርሃን ከግራ የሚገባበት ክፍል። «መኪናሽ እዚህ፣ አልጋሽ እዚህ» አላት። ይህን ሰምቶ የማያምን ሰው ካለ እሱ ነው የሚገርመው።

ቤቱ አለቀ። እሷም ክፍሏን እንደምትለቅ ለአከራይዋ ነገረች፤ ቅዳሜ ሌላ ተከራይ ይገባል። ልብሷ ተጠቅልሏል፣ የስፌት መኪናዋ በገመድ ታስሮ በሩ አጠገብ ቆሟል። ለወንድሟ ቤት መስኮት ሁሉ መጋረጃ ሰፋች፤ ለዚያች ክፍል ደግሞ ለራሷ ነውና ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ መርጣ፣ ገበር አግብታ፣ እየፈታች እየሰፋች ሁለት ሳምንት ፈጀች። ሐሙስ ዕለት ልትሰቅል ሄደች።

ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ጨርሳ ወደዚያች ክፍል ስትገባ ድካሙ ሁሉ ለቀቃት። መጋረጃውን ሰቀለች፤ ዱካ ስባ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ይቀመጡ ማለቷ ነው፤ ብቻዋን ሳቅ አለች። መኪናው ፊቷ እንዳለ አድርጋ እጆቿን ዘረጋች፤ ብርሃኑ ጣቶቿ ላይ አረፈ። ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ ይቆማል፣ ከአውቶቡሱ ኋላ ጎማ የሚጠግን ሰውዬ አጎንብሶ ይታያል። ለመርፌ ሥራ ማሰሪያው ዝቅ ማለት አለበት። በጠመኔ ምልክት አደረገችና መብሻውን ሰካች።

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እታለም፣ ዝቅ አላለም?» አላት።

«ለመርፌ ነው እኮ። ዓይኔ እንደ ዱሮው አይደለም፤ ብርሃኑ እጄ ላይ ካልወደቀ አልችልም።»

«እሱማ ልክ ነሽ። ቆይ ግን፣ አሁን አትብሺው» ብሏት ወጣ።

ሲመለስ ሚስቱና አማቱ አብረውት ነበሩ። አማቱ ወገባቸውን የታመሙ፣ በከዘራ የሚሄዱ፣ ክፉ የማይወጣቸው ሴት ናቸው፤ ለጥየቃ የመጡ መስሏት ነበር። ሚስቱ ባለ መደገፊያ ወንበር እየጎተተች ገባች። ወንድሟ ወለል ወለሉን እያየ «እማማ፣ እስቲ እዚህ ይቀመጡ» አላቸው።

ተቀመጡ።

ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። እህቱ የክፍሉ ባለቤት ሳይቀመጥ እንደማትበሳ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ አፉን ከሚያደክም አማቱን አምጥቶ አስቀመጠ። ፈሪ። አብልቶ ያሳደገውን ሙያ መልእክተኛ አደረገባት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ሚስቱ «እትዬ፣ ለእማዬ ይሄኛው ይሻላታል ብለን ነው፤ ወገቧ ፀሐይ ይፈልጋል» አለች። እሷ እንኳ ከባሏ ትሻላለች፤ ቢያንስ ተናገረች። ወንድሟ ክንዷን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣትና በስተኋላ ያለች አንዲት ክፍል ከፈተላት። ዕቃ ቤት ናት፤ የቀለም ቆርቆሮዎቹ ገና ጥግ ላይ ተደርድረዋል።

«መስኮት የላትም እንጂ ሰፊ ናት» አላት። «አምፖሉን ትልቅ አደርግልሻለሁ።»

ስንት ነገር ልትለው ትችል ነበር። ስለ አናጢው ልትነግረው፣ ያን የፕላን ወረቀት አምጣው ልትለው ትችል ነበር። ግን «ሥራዬን ልጨርስ» አለችው።

ተመልሳ የጠመኔ ምልክቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች። «እማማ፣ እስቲ ይደገፉ። ሲደክምዎ በየት በኩል ያጋድላሉ? እጅዎንም ይዘርጉ፤ ሳይነሱ መፍታት አለብዎት» አለቻቸው። ሴትየዋ የጠየቀቻቸውን ሁሉ በትሕትና መለሱላት። እውነቱን ለመናገር አበላሽታ ልትበሳው ዳድቷት ነበር። አንድ ስንዝር ዝቅ ብታደርገው እኚያ ሴት ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲያዩ ይኖሩ ነበር፤ ማንም አያውቅባትም። እጇ እምቢ አላት። ግራውንም ቀኙንም በአዛውንቷ ዓይን ትክክል በሳች፣ ሜንጦውን አጠበቀች፣ መጋረጃውን ሰብስባ አሰረች።

ሴትየዋ መንገዱን አይተው ፊታቸው ፈካ። «እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ። ለኔ እንዲህ አድርጎ የሚያስብልኝ አላጋጠመኝም» አሏት። ከዚያ በክፋት ሳይሆን እንዲሁ ለጨዋታ ያህል «ቤትሽ ሩቅ ነው?» ብለው ጠየቋት።

ሚስቱ የመጋረጃውን ጠርዝ መነካካት ጀመረች። እሷ ወንድሟን አየችው፤ ቤቷ እዚሁ ነው እንዲል ጠበቀችው። ቅዳሜ ክፍሏን እንደምታስረክብ ያውቃል። ዕቃዋ መታሰሩንም ያውቃል፤ ገመዱን ገዝቶ ያመጣላት እሱ ነው። አልተናገረም።

«ሩቅ ነው እማማ» አለች፤ «አሁን ካልወጣሁ ይመሽብኛል።»

ወንድሟ ከጭንቅ እንደተገላገለ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና «ላድርስሽ፣ እታለም» አላት። ወዴት እንደሆነ ግን አልጠየቃትም።