ለሐና ሰርግ የገዛናት የቆርቆሮ ዋሽንት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የልጅ ልጄ የሐና ሰርግ በተቃረበበት ሳምንት ነው። የምኖረው ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ውስጥ፣ ከልጄ ቤተሰብ ጋር ነው። ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ጎረቤቶቼ በሰላምታ ብቻ ነበር የሚያውቁኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የመንገዳችን ሰው ሁሉ በደንብ ያውቀኛል። ነገሩን የማልረሳውም ለዚህ ነው።

መነሻው የባለቤቴ ዋሽንት ነው። ባለቤቴ አቶ ላምቤቦ ከሆሳዕና ስንመጣ ከልብሳቸው በፊት ሻንጣ ውስጥ የከተቱት ዋሽንታቸውን ነበር። የዚህ አገር ክረምት ደግሞ እንደኛ ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ነው፤ ከንፈርም ተረከዝም ይሰነጥቃል። ባለቤቴ ዋሽንቱ እንዳይበርደው ብለው ማታ ከማሞቂያው አጠገብ አስቀመጡት። ጠዋት ከአፉ እስከ ሁለተኛው ቀዳዳ ድረስ ተሰንጥቆ አገኙት። በሰም ደፈኑት፣ በክር ጠፈሩት፣ አልሆነም። ሲነፉት ትንፋሽ ብቻ ይወጣዋል።

ሐና ከቤት ስትወጣ የመሸኛውን ዜማ ሊነፉላት ቃል ገብተውላት ነበር። ልጅቷ የተወለደችው እዚሁ ነው። ዲጄም ካሜራም ተከራይታለች። ለጓደኞቿ አስቀድማ ያወራችው ግን ስለ አያቷ ዋሽንት ነበር። ዋሽንቱ ሲሰነጠቅ ባለቤቴ ሰርጉ ላይ አልገኝም አሉ።

«ቃሌን የማልፈጽምበት ሰርግ ላይ ሄጄ ምን ልሠራ ነው? ሥጋ ልቆጥር?»

ልጄ ለመነቻቸው። አማቼ ለመናቸው። ሐና «አባባ፣ ፕሊስ» አለቻቸው። ዝም አሉ። እሳቸው ከተቆጡ ነገሩ ተስፋ አለው፤ ዝም ካሉ ግን አለቀ ማለት ነው። ከአገር ቤት ሌላ ዋሽንት ለማስመጣት ጊዜ አልነበረም። ሙሽራዋ ያለ አያቷ ከቤት ልትወጣ ነው ማለት ነው።

በማግሥቱ ሐና ስልኳን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«እማማ፣ እዚህ አገር የቆርቆሮ ዋሽንት አለ። ፔኒ ዊስል ይባላል። ቺፕ ነው፣ ርካሽ፤ ደግሞ በብርድ አይሰነጠቅም።»

«ለአያትሽ ነግረሻቸዋል?»

«ነግሬያቸው ነበር። ‹ቆርቆሮ ለቤት ክዳን ነው› ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።»

ስለዚህ ሳንነግራቸው ሄድን። ሐና እኔን የመረጠችው ሙዚቃ ስለማውቅ አይደለም። ባለቤቴ ሲነፉ እኔ ሥራዬን እየሠራሁ ድምፅ ሳላሰማ እከተላቸዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ስከተል ኖሬ የዋሽንታቸው ድምፅ ከየት እንደሚነሣ ጉሮሮዬ ያውቀዋል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ልጅቷ ግን ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ ኖሯል።

የሙዚቃ ዕቃ መሸጫው መሃል ከተማ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ነው። ሻጯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ወፍራም ሴት ናት። የቆርቆሮ ዋሽንት ስንላት አንድ ካርቶን ሙሉ አወጣች።

«እዚህ ቤት አፉን ያስነካ ሰው ሳይገዛ አይወጣም» አለች፤ ሐና እየተረጎመችልኝ። «ስለዚህ እኔ እነፋለሁ፣ እናንተ ትሰማላችሁ።»

እኔ እንደሆነ አፌን የማስነካ ሐሳብም አልነበረኝም። ባደግሁበት አገር ሴት ዋሽንት ስትነፋ አይቼ አላውቅም። ሻጯ ግን አንዷን አንሥታ በቀሚሷ ጠረገችና መንፋት ጀመረች። የዚህ አገር የጭፈራ ዜማ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ወዲያው ወገቡን ማወዛወዝ ጀመረ። ሐናም ትከሻዋን አነቃነቀች። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ለእኛ ሰርግ የሚሆነውን በምን አውቃለሁ?

«እማማ፣ ዜማውን አንጎራጉሪላት» አለችኝ ሐና።

«እዚህ? ሰው መሃል?»

«ሰው የለም እኮ።»

ነበረ እንጂ። ጊታር የሚመርጥ አንድ ጎረምሳ፣ አንዲት እናት ከነልጇ፣ በዚያ ላይ ጥበቃው። ሐና ግን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አያቷ የማይገኙበት ሰርግ ታየኝ። ነጠላዬን ወደ አፌ ጠጋ አድርጌ አንጎራጎርሁ። ሰው ፊት ያንን ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው።

ሻጯ ቶሎ ያዘችው። ችግሩ የራሷን የጭፈራ እርምጃ መጨመሯ ነው። የእኛ ሙሽራ የምትወጣው በቀስታ፣ ወደ ኋላ እየዞረች ነው። ይቺ ስትነፋው ግን ታክሲ እንዳያመልጣት የምትሮጥ ሙሽራ መሰለችኝ።

«ቀስ በዪ በያት» አልሁ።

ቀስ አለች። እኔ ማንጎራጎሬን ቀጠልሁ፤ እሷ ዋሽንት እየቀያየረች ትከተለኛለች። አረንጓዴ ቀለም የተቀባችው አጭር ነበረች፤ ስከተላት ጉሮሮዬ ወደ ላይ ተሰቅሎ ሊታነቅ ደረሰ። ከነሐስ የተሠራችው ድምፅዋ ማር ነው፤ ሐና ዋጋዋን አይታ ቀስ ብላ ወደ ካርቶኑ መለሰቻት። ሦስተኛዋ ጌጥ የሌላት፣ ረዘም ያለች፣ አፏ ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው። ከሁሉም ርካሽ እሷ ነበረች። ሻጯ ስትነፋት እኔና ዋሽንቷ ሳንገፋፋ ጎን ለጎን ሄድን።

ሻጯ ግን በዚያ አላበቃችም። ቀዳዳዎቹን ሁሉ በጣቷ ደፍና የመጨረሻውን ወፍራም ድምፅ ደጋግማ አሰማችን። «ከላይ መጮህ የማትችል ዋሽንት የለችም። ርካሽ ዕቃ የሚያሳፍረው ከታች ነው። ይቺ ከታች አትሰበርም። ጎጎ ጆሮ አላት» አለች። ጎጎ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ጥበቃው አጨበጨበልኝ። እኔ ወደ ደረጃው ቸኮልሁ።

ቤት ስንደርስ ከቀትር በኋላ ነበር። ልጄና ባሏ ሱቅ ናቸው። ባለቤቴ ሳሎን ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ እስከ ራሳቸው ተከናንበው ተኝተዋል፤ እንቅልፋቸው ከባድ ነው። ሐና «አሁኑኑ እንስጣቸው» አለች። እኔ እምቢ አልሁ። እሳቸው አንድ ነገር የሚሰሙት አንድ ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ካስቀየማቸው ዳግም አይነኳትም። ሰርጉ ደግሞ በግቢ ነው። ሱቅ ውስጥ ያማረ ድምፅ ሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል መስማት ነበረብኝ። ሐና ስልክ ተደውሎላት መኝታ ቤት ገባች። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ቆምሁ። ማንም አያየኝም ብዬ ዋሽንቷን አፌ ላይ አደረግሁ።

ባለቤቴ ሲነፉ ዕድሜ ልኬን አይቻለሁ። ደረታቸውን ይሞላሉ፣ ጉንጫቸውን ያጠብቃሉ፣ በኃይል ይለቁታል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ።

የወጣውን ድምፅ ጩኸት ልበለው? በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ስለት ያለው ነገር ሰምቼ አላውቅም። የጎረቤት ውሾች አብረው ጮኹ። ደንግጬ መተው ሲገባኝ፣ ያስተካክለው መስሎኝ ጨምሬ ነፋሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በመንገዳችን ሌባ ከበዛ ወዲህ ጎረቤት ተሰብስቦ ለየቤቱ ፊሽካ ታድሏል። ፊሽካ ከተነፋ እያንዳንዱ በእጁ ያገኘውን ይዞ ይወጣል። ይህን አውቅ ነበር። ነገር ግን እኔ የያዝሁት ዋሽንት ነው፤ ከፊሽካ ጋር የሚያገናኘው አልመሰለኝም።

አንሶላውን ገልጬ ስወጣ የግቢው በር ተበርግዷል። ከፊት ጅምላ ነጋዴው ጎረቤታችን ሐጂ ሸምሱ በአንድ እግር ጫማ፣ በእጃቸው መጥረጊያ። ከኋላቸው አዲስ የገባው ሞዛምቢካዊ መካኒክ የጎማ መፍቻ ይዞ። ቀጥሎ ማላዊው ልብስ ሰፊ፣ ትልቁን መቀስ እንደያዘ።

«ወይዘሮ አስካለች፣ ሌባው የታለ?» አሉኝ ሐጂ።

እውነቱን ለመናገር አፈርሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጓሮ ተደብቄ ዋሽንት ስነፋ ነበር እንዴት እላለሁ? ዋሽንቷን ነጠላዬ ሥር ሸጎጥሁና «ምንም የለም» አልሁ።

ይኸ ነው ያባሰው። በስብሰባው ላይ የተነገረን ሌላም ነገር ነበር፦ የቤቱ ባለቤት ተጨንቆ ምንም የለም ካለ ሌባው ከኋላው መሣሪያ ደግኖበታል ማለት ነው። ሐጂ ፊቴን አዩ። እጄ ነጠላ ሥር ነው፤ ላብ አጥምቆኛል። ለሁለቱ በዓይናቸው ወደ ቤቱ አመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ገብቶኛል። አይንቀሳቀሱ።»

«ሐጂ፣ እባክዎ፣ ማንም የለም።»

«አላህ ያውቃል፤ አይናገሩ።»

ሦስቱም በእግር ጣታቸው እየረገጡ ሳሎን ገቡ። ተከትያቸው ስደርስ መካኒኩ ሶፋው ላይ የተሸፈነ ሰው አይቶ ብርድ ልብሱን መንጭቆ አነሣው።

ባለቤቴ ዓይናቸውን ገለጡ። ከላያቸው የጎማ መፍቻ፣ መቀስና መጥረጊያ አለ። ረጋ ብለው ሦስቱንም በየተራ አዩአቸው።

«ሐጂ፣ ምን ጠፍቶ ነው?» አሉ።

ሐና ከመኝታ ቤት ሮጣ ወጣች። ሐጂ መጥረጊያውን ከኋላቸው ደበቁ።

«ፊሽካ ተነፍቶ ነው፣ አቶ ላምቤቦ። ከእርስዎ ግቢ ነው የተነፋው።»

«ማን ነፋው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዋሽንቷን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ?» አሉ ባለቤቴ።

«ለሰርጉ ገዝተንልዎት ነው። ልሞክራት ብዬ ነው።»

ባለቤቴ ዋሽንቷን ሳይሆን እኔን ብዙ አዩኝ። መካኒኩ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ፤ ሐና ሳቋን እያፈነች ተረጎመች። «ያን የሚያህል ጩኸት ከዚች ወጣ ብሎ አያምንም። ኮንትሮባንድ ሳይረን የደበቃችሁ መስሎታል።»

ባለቤቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩአት፣ አፏን አሸተቱ። ከዚያ ሙያ ሊያሳዩኝ ደረታቸውን ሞልተው ነፉ።

ያው ጩኸት። ከመንገዱ ማዶ የቀሩት ጎረቤቶች ደግሞ መጡ። ሐጂ በር ላይ ቆመው «ሌባ የለም፣ የሰርግ ዝግጅት ነው» እያሉ መለሷቸው።

የባለቤቴ ፊት ጠቆረ። አሁን ይጥሏታል አልሁ፤ ሐናም እጆቿን አፏ ላይ ጫነች። እሳቸው ግን አልጣሏትም። ሰው ፊት አንድ ቆርቆሮ አሸነፋቸው እንዲባል አይፈልጉም። እንደገና አፋቸው ላይ አደረጓት። አሁን እንደ ትኩስ ወተት በእፍታ ነፏት። ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ ወጣ። መካኒኩ የጎማ መፍቻውን መሬት አስቀመጠ።

ዜማውን ጀመሩ። መሃል ላይ የማናውቀው ድምፅ ጣልቃ ገባ። ቆም ብለው ቀዳዳዎቹን ቆጠሩ።

«ስድስት?» አሉ። «የሰው ልጅ አራት ይበቃዋል። ሁለቱ ለማን ነው?»

ቀጥለውም «ፕላስተር አምጡ» አሉ። ሐና አመጣች፤ ልብስ ሰፊው በያዘው መቀስ ቆረጠላቸው። የላይኛውንና ከታች ሦስተኛውን ቀዳዳ አሸጉ። እንደገና ሲነፉ ዜማው ከዳር እስከ ዳር ያለ እንግዳ ድምፅ ወጣ። ሳላስበው ከንፈሬ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሰው እንዳያየኝ ብርድ ልብሱን ማጠፍ ያዝሁ።

ሲጨርሱ ሐና ቀስ ብላ «አባባ፣ ሰርጉስ?» አለች።

«ጃኬቴ አልተተኮሰም» አሉ።

የእሳቸው እሺታ እንዲህ ነው። ልጅቷ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

በሰርጉ ዕለት ሐና ከቤት ስትወጣ ከነፕላስተሯ ነፏት። ሙሽራዋ በቀስታ፣ ወደ ኋላ እየዞረች ወጣች። ጅምላ ነጋዴው ሐጂ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ፤ ብናኝ ነው አሉ። ዋሽንቷን ማን መረጣት ብለው ሲጠይቋቸው ባለቤቴ «ከከተማ የመጣች ናት» ብቻ አሉ።

ማታ በመኪና ስንመለስ ዋሽንቷን ጠርገው ወደ እኔ ዘረጉ። «ቦርሳሽ ውስጥ ያዢልኝ» አሉኝ። የቀርከሃውን ዋሽንት ከትዳራችን ጀምሮ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ ይዞላቸው አያውቅም።

አሁንም መካኒኩ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሣልኛል። በመንገዳችን ፊሽካ ሲነፋ ሰው አስቀድሞ «ሌባ ነው ወይስ ጎጎ?» ብሎ እንደሚጠያየቅ ሐና ነግራኛለች። የዚያን ቀን አፍሬ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ብቻዬን ስስቅ ራሴን አገኘዋለሁ። ዋሽንቷ ቦርሳዬ ውስጥ ናት፤ ባለቤቴ ሲፈልጓት ይጠሩኛል።